የሠላሳ አንድ ቤት ጨው

ነጯ ቫን ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥታ ሃይዌይ 121ን በያዘች በአምስተኛው ደቂቃ፣ ሐጂ ዩኑስ አንገታቸውን ወደ ኋላ አዙረው የእንግዳዋን ሣጥን ማየት ጀመሩ። ልጃቸው ሲራጁዲን መሪውን እንደያዘ በጎን ዓይኑ አያቸው። የአባቱን ሰማንያ አንድ ዓመት ሁሉ ባያውቅም አርባ ሰባቱን ያውቃል፤ አንድ ነገር እንዲህ ካዩ ሳይጠይቁ እንደማይተዉ ገብቶታል።

«አባ፣ ወደ ፊት ይዙሩ እንጂ፤ ቀበቶው ያንቅዎታል።»

«አንገቴ የኔ ነው» አሉ ሐጂ። «ይቺ ሴትዮ ግን ምን ይዛ ነው እንደ አራስ ልጅ ጭኗ ላይ ያስተኛችው?»

እውነቱን ለመናገር ሐጂ በዚያ ቫን ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ጠዋት ሌዊስቪል የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ከዚያ በኋላ ሲራጅ ካሮልተን ቤታቸው አድርሷቸው እንግዶቹን ሊቀበል አስቦ ነበር፤ አውሮፕላኑ ግን አርባ ደቂቃ ቀድሞ አረፈ። ሚስቱ ሳሊሐ ዌርሃውስ ናት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትወጣም። ሽማግሌውን መንገድ ላይ ጥሎ አይሄድ ነገር፣ ይዟቸው ሄደ። ስለዚህ ከጃፓን፣ ከሺዮናሴ ከተማ የመጡትን የክብር እንግዶች በር ላይ የተቀበሏቸው በነጭ ጀለቢያ ላይ የቤዝቦል ጃኬት የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ፣ የዓይን ጠብታ ያስለቀሳቸው ሰው ሆኑ። ምክትል ከንቲባው አቶ ሞሪታ የአገሩ ትልቅ ሰው መስለዋቸው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ሐጂም በሰውየው አክብሮት ደስ ብሏቸው በዚያው ልክ ጎንበስ አሉ። ከትልቅ ሰው ቀድሞ ቀና ማለት በእነሱ አገር ነውር ነውና ሞሪታ እንደገና ጎንበስ። ሐጂስ መቼ ይሸነፋሉ! ወሎዬ በአክብሮት ሲበለጥ አይወድም። አራተኛው ላይ ማርዋ መሃላቸው ገብታ ባታቆማቸው ኖሮ እዚያው ይመሽባቸው ነበር።

ማርዋ የሲራጅ ልጅ ናት። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሦስት ዓመት ጃፓንኛ ተምራለች። «ነርስ ሁኚ» ብሎ የመከራት፣ «ጃፓንኛ ደግሞ ከማን ጋር ልታወሪበት ነው?» እያለ ያሾፈባት ይኸው አባቷ ነበር። ለእንግዶቹ የተቀጠረው አስተርጓሚ ታመመና በመጨረሻው ሰዓት የእሷ ስም ተገኘ፤ መኪናም ሲፈለግ የአባቷን ቫን ጠቆመች። የመጀመሪያ ሥራዋ ስለሆነ ከቤት ሳይወጡ ሂጃቧን ሦስት ጊዜ አስተካክላለች፣ ማስታወሻ ደብተሯን ደግሞ አራት ጊዜ ረስታ ተመልሳለች።

«ማርዬ» አሉ ሐጂ፣ «ምን እንደያዙ ጠይቂልኝ እስቲ።»

«አባባ፣ አይሆንም። ማለቴ፣ ፕሮፌሽናል አይደለም።»

«ጠይቂ! እንግዳን ዝም ማለት ነው ነውሩ።»

ማርዋ እየተቅለሰለሰች ጠየቀች። ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሴት፣ ሽበታቸውን በአጭሩ የተቆረጡ፣ እጃቸው እንደ ገበሬ እጅ የሻከረ፣ በሁለት ቃል መለሱላት።

«ጨው ነው» አለች ማርዋ።

ሐጂ ዩኑስ ቀና አሉ። ከዘራቸውን ወደ በሩ አስጠጉና ቆባቸውን አስተካከሉ።

ሐጂ ከአሥራ አምስት ዓመታቸው እስከ ሠላሳ አምስት ዓመታቸው ድረስ ከአፋር በረሃ ጨው በግመል እየጫኑ ባቲ ገበያ ያወርዱ ነበር። በኋላ የጭነት መኪና መጣና ግመሉን አሰናበተው፣ ሰውየውንም አብሮ። አሜሪካ ከገቡ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። በእነዚህ አሥራ ሁለት ዓመታት ስለ ስኳራቸውና ስለ ደም ግፊታቸው እንጂ ስለ ጨው ሥራቸው የጠየቃቸው ሰው የለም። እንዲያውም ሐኪሙ ጨው ከልክሏቸዋል። ይህ ነገር ከምንም በላይ ያናድዳቸዋል።

«የባሕር ነው ወይስ የምድር?» አሉ።

«የባሕር ነው ይላሉ።»

«በፀሐይ ነው የሚያወጡት ወይስ በእሳት?»

ሴትዮዋ ይህ ጥያቄ ሲተረጎምላቸው ቀና ብለው የሽማግሌውን ፊት አዩ። ብዙ ሰው ስለ ጨው ሲጠይቃቸው ስለ ጣዕሙ ነው የሚጠይቀው። ሰውነታቸውን ወደ ፊት ለቀቅ አድርገው መናገር ጀመሩ፤ ማርዋም ቃል በቃል እየተከተለች፣ አማርኛው ሲያጥራት አባቷ እየሞላላት፣ ሌዊስቪልን አልፈው እስኪሄዱ ድረስ ተረጎመች።

ስማቸው ኪዮ ሐማኖ ነው። ማዕረጋቸው ሐማሺ፣ የጨው ቤት አለቃ ማለት ነው፤ በዚያ ቤት ይህን ማዕረግ የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ሺዮናሴ ከኋላዋ ተራራ፣ ከፊቷ ባሕር፣ መሃል ላይ አንዲት መንገድ ያላት ከተማ ናት። ተራራው ሳያርፍ እስከ ውኃው ስለሚወርድ ሩዝ የሚዘራበት ሜዳ አልተረፋትም። በድሮ ዘመን የአውራጃው ጌታ ሌላውን ሕዝብ ሩዝ ሲያስገብር ሺዮናሴን ጨው አስገበራት። ሕዝቡም ከባሕሩ ዳር አሸዋ አንጥፎ የጨው ማሳ ሠራ። አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሥራው አልተለወጠም። የባሕር ውኃ በሁለት የእንጨት ባልዲ ተሞልቶ በትከሻ ይወጣል። አሸዋው ላይ እንደ ካፊያ ተደርጎ ይረጫል። ፀሐይ ያደርቀዋል። ጨው የያዘው አሸዋ ተሰብስቦ ይታጠባል፣ የታጠበበት ውኃ በትልቅ የብረት ድስት ተጥዶ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይነድበታል። ውኃውን እኩል መርጨት ለመልመድ ብቻ አሥር ዓመት ይፈጃል።

ወይዘሮ ኪዮ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ተድረው እዚያ ቤት ሲገቡ ከተማዋ አርባ ሺህ ሰው ነበራት። ዛሬ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ከተማዋ ዘጠኝ ሺህ ሰው ቀርቷታል። ትምህርት ቤቱ አሥራ አንድ ልጆች አሉት፤ አውቶቡስ በቀን ሦስቴ ይመጣል። ቢሆንም ጠዋት ከጨው ቤቱ ጣራ ጭስ ሲወጣ ካዩ የሺዮናሴ ሰዎች ከተማችን ደህና አድራለች ብለው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ።

«አሥር ዓመት ውኃ መርጨት!» አሉ ሐጂ። «ወላሂ የምር ሥራ ነው። እኔ ግመል መጫን በአራት ዓመት ነው የለመድኩት። ከበረሃው ባቲ ስምንት ቀን እንደምንሄድ ንገሪልኝ፤ በሰባት የገባንበትም ጊዜ እንዳለ ንገሪ።»

ማርዋ ነገረች። ወይዘሮ ኪዮ በአድናቆት ረጅም ድምፅ አወጡ። ከዚያ ጭናቸው ላይ ያለውን ሰማያዊ መጠቅለያ ጨርቅ ፈቱ፣ የሣጥኑን ክዳን አነሱ። ሞሪታ ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አሏቸው፤ አልሰሟቸውም። ከነጭ ወረቀት ላይ፣ በሸክላ ቅርጽ ተጠብሶ የደረቀ፣ ጡጫ የሚያህል ጨው በሁለት እጃቸው አንስተው ሽማግሌው እንዲያዩት ወደ ፊት ወንበር ዘረጉት። የዓመቱ የመጀመሪያ ጨው ነው። ፍሪስኮ ላለው አስመጪ ድርጅት በሥርዓት ሊቀርብ ታሽጎ የመጣ፣ የሰው እጅ እንጂ የሰው አፍ ያልነካው ነበር።

ሐጂ ዩኑስ ግን ሌላ ነገር አዩ። በእሳቸው ዘመን በረሃ ላይ ሁለት የጨው ነጋዴዎች ሲገናኙ አንዱ ለሌላው አሞሌውን ይዘረጋለታል፤ ያኛው ይልሳል፣ የራሱንም ይዘረጋል። በመካከላችን ክፋት የለም ማለት ነው። የዘረጉለትን አልልስም ያለ ሰው ጠላት ነው፤ ልሶ የራሱን ያላስላሰ ደግሞ ሰው አይባልም። ሐጂን ለመጨረሻ ጊዜ ጨው የዘረጋላቸው ሰው ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

«ቢስሚላህ» አሉና አጎንብሰው ላሱት።

ሞሪታ ጮኹ። ሲራጅ ደንግጦ መሪውን ሲስት ከጎኑ ያለ ከባድ መኪና ጡሩምባውን ለቀቀበት። ማርዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና «ያ አላህ! አባባ!» አለች። የመጀመሪያ ሥራዋ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ያለቀ መሰላት።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ምላሳቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«ቆዩ፣ አትንጫጩ» አሉ። «ይኼ ጨው እሳት አይቷል። እንጨቱ ግን የተራራ እንጨት አይደለም፣ የቤት እንጨት ነው። የአሮጌ ቤት ምሰሶና ወራጅ ሲነድ የሚሸተው፣ ጥቀርሻው አለበት።»

«ጥቀርሻ ምንድነው?» አለች ማርዋ ከእጇ ሥር።

«ብዙ ዘመን እሳት የነደደበት ቤት ጣራው ሥር አይጠቁርም? እሱ ነው» አለ ሲራጅ። ባቲ የአያቱ ቤት ጣራ ድንገት ትዝ አለው።

ማርዋ ልተርጉም አልተርጉም እያለች ቆየች። ወይዘሮ ኪዮ አፍ አፏን ያያሉ። ተረጎመች።

ወይዘሮ ኪዮ ጨዉን ወደ ወረቀቱ መለሱ። ከዚያ ግንባራቸው የፊተኛውን ወንበር ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ለሐጂ ጎንበስ አሉ። ሞሪታ ቶሎ ቶሎ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እሳቸው በአጭር መለሱ።

«ምን አሉ?» አለ ሲራጅ።

«ለኔ የተባለ አይደለም፣ አባዬ» አለች ማርዋ። ወዲያው ግን ወይዘሮ ኪዮ እሷን አይተው ተናገሩ። «አሁን ንገሪያቸው ብለውኛል። ሽማግሌው ልክ ናቸው፣ ስለዚህ ማወቅ አለባቸው አሉ።»

ባለፈው ዓመት በመጋቢት፣ የዓመቱ የመጀመሪያ እሳት በተለኮሰ በሦስተኛው ሰዓት፣ ሺዮናሴ ላይ ምድር ተንቀጠቀጠ። ተራራው ተንዶ ያቺን አንዲት መንገድ ዘጋት። የወደቡ ወለል ከፍ ብሎ ጀልባዎቹ ደረቅ መሬት ላይ ቀሩ። የወይዘሮ ኪዮ ቤት ጣራው ምድር ላይ ተቀመጠ። የጨው ቤቱ ግን ቆሞ ነበር፤ ድስቱም አልተነቃነቀም። በሺዮናሴ ልማድ የዓመቱ የመጀመሪያ እሳት ጨው ሳይወጣ አይጠፋም። ማገዶው ከተራራው የሚወርድ ጥድ ነው፣ ተራራው ደግሞ ተዘግቷል። ወይዘሮ ኪዮ ከፈረሰው ቤታቸው፣ ከምድጃው በላይ መቶ ኃምሳ ዓመት ሲጨስ የኖረውን ወራጅ እየጎተቱ አመጡና ከድስቱ ሥር ማገዱት። ያዩ ጎረቤቶች የየቤታቸውን ስባሪ ተሸክመው መጡ፤ ከእሳቸው ጋር ሠላሳ አንድ ቤት። ሰፈሩ በሙሉ በዚያ እሳት ምግቡን አበሰለ፣ ልብሱን አደረቀ፣ ልጆቹን አስተኛ። መንገዱ በአሥራ አንደኛው ቀን እስኪከፈት እሳቱ አልጠፋም። ወደ ጥዱ ጫካ የሚወስደው መንገድ ግን እስከዛሬ ዝግ ነው፤ ስለዚህ የዘንድሮውም ጨው በሙሉ የተቀቀለው በእነዚያ ቤቶች እንጨት ነው።

«ታዲያ ይኼ ምኑ ይደበቃል?» አሉ ሐጂ ተቆጥተው። «ይኼማ የሚያኮራ ነገር ነው!»

«ወረቀቱ ነው ችግሩ» አለች ማርዋ። «የአሥር ዓመቱ ኮንትራት ላይ የተጻፈው፣ ላይክ፣ ማገዶው ከተራራው ጥድ ብቻ ነው የሚለው። እንደ ድሮው፣ አራት መቶ ዓመት። ካምፓኒው እንደዛ ብሎ ነው የሚሸጠው። ዛሬ ካልፈረሙ ከተማው ጨው ቤቱን ይዘጋዋል። ያላቸው ብር የውኃ ቧንቧ መጠገኛ ነው፣ ለጨው ቤቱ ሌላ መርጃ የላቸውም። ሞሪታ-ሳን ደግሞ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ መንገዱ ሲከፈት እውነት ይሆናል ይላሉ።»

እዚህ ላይ አቶ ሞሪታን ክፉ ሰው አድርጎ ማየት ይቀላል። አልነበሩም። ከዚያች ዕለት በኋላ ሰባት ወር ቢሯቸው ወለል ላይ አድረዋል፤ ለአሮጊቶችና ለሽማግሌዎች በጀርባቸው ውኃ ተሸክመዋል። የጨው ቤቱ እሳት እንዳይጠፋ ሲሉ አንዲት ሐሰት ለመሸከም ቆርጠው የመጡ ሰው ነበሩ። ሲራጅ በመስተዋቱ ሲያያቸው ቀና ብለው አላዩትም።

ፍሪስኮ ትናንት የከብት ግጦሽ ነበረች፤ ዛሬ መስተዋት ነች። ሲራጅ አንድ ወር ሳይመጣ ከቆየ መንገዱ ይጠፋበታል። ከአንዱ የመስተዋት ሕንፃ ሥር ፓርክ አድርጎ እንግዶቹን ሲያወርድ ማርዋ ወደ ኋላ ቀረችና ክንዱን ያዘችው።

«አባዬ፣ ሁለቱ የተለያየ ነገር ቢናገሩስ? የቀጠሩኝ እኮ ሞሪታ-ሳን ናቸው።»

ሲራጅ መንገድ ቢሆን ያውቃል፣ ሻንጣ ቢሆን ያነሳል። «አብሽሪ» አላት። ይህችን ብቻ በማለቱ ራሱን ታዘበ።

እሱና አባቱ መኪና ውስጥ ሊቆዩ ነበር። ወይዘሮ ኪዮ ግን በሩ ላይ ቆመው ሽማግሌው ካልገቡ አልገባም አሉ። ጨዉን የቀመሰ ሰው ውጭ አይቀመጥም አሉ።

የድርጅቱ የግዢ ኃላፊ አሌክስ ይባላል። በስኒከር የሚሄድ፣ ቀልጠፍ ያለ፣ ጨዋ ሰው ነው። ለሹፌሩና ለሽማግሌውም ወንበር አስመጣ። ጨዉን በክብር ተቀበለ፤ በአንድ ጎኑ ላይ ያለችውን የምላስ ፈለግ አይቶም ይሁን ሳያይ ምንም አላለም። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጠና የጎደለ ነገር እንዳይኖር ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

ወይዘሮ ኪዮ ከትንሽ ከረጢት ማኅተማቸውን አወጡ። ጣት የሚያህል ዘንግ ነው፤ የባለቤታቸው እናት ያወረሷቸው። ሞሪታ የቀዩን ቀለም ክዳን ከፍተው አቀረቡላቸው። ማኅተሙ ቀለሙን ነካ፣ ከወረቀቱ በላይ መጣ፣ እዚያ ቆመ።

ወይዘሮ ኪዮ አንዲቱን መስመር እንደገና በጃፓንኛ እንድታነብላቸው ማርዋን ጠየቁ። አነበበችላቸው፤ ከተራራው ጥድ ብቻ። ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና መናገር ጀመሩ።

ገና ሳይጨርሱ ሞሪታ በእንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ ከጉዞው ደክመዋል፤ ጥቃቅን ጉዳይ ነው» አሉ። ወደ ማርዋ ዞረውም በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ጨመሩ። ሁሉም ማርዋን አየ።

ማርዋ ተነሥታ ቆመች።

«ሐማኖ-ሳን የተናገሩትን እተረጉማለሁ» አለች በእንግሊዝኛ። «ከዚያ ሞሪታ-ሳን የሚሉትን እተረጉማለሁ። በየተራ፣ አንድም ቃል ሳልተው።» ይህንኑ በጃፓንኛ ደገመችና ለሞሪታ እጅ ነሳች።

ተረጎመችም። መጀመሪያ ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር፣ ምድሩ የተንቀጠቀጠበት ቦታ ሲደርስ ረጋ። የወራጁን መጎተት፣ የጎረቤቶቹን አመጣጥ፣ እሳቱ ዙሪያ የተኙትን ልጆች፣ የተዘጋውን የጥድ መንገድ ሁሉ ተናገረች። የሲራጅ እንግሊዝኛ የሹፌር እንግሊዝኛ ነው፤ አድራሻና ሻንጣና ትራፊክ። የዚያን ዕለት ግን አንድ ቃል አላመለጠውም። ነርስ ሁኚ ያላት እሱ ነበር! ኩራት ደረቱን ሞላው፣ ለመደበቅም አልሞከረም።

አሌክስ ብዕሩን አስቀመጠ። «እንግዲያው ይኼን ወረቀት መፈረም አልችልም» አለ።

ማርዋ ይህንንም ተረጎመች። ሞሪታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ግን» አለ አሌክስ፣ «ይኼ መስመር ቢወጣ በቦታው ምን ይጻፍ?»

ወይዘሮ ኪዮ ከሣጥኑ ሥር የታጠፈ ረጅም ወረቀት አወጡና ቆሙ። በብሩሽ የተጻፈ የስም ዝርዝር ነው። ሳን የሚለውን ተራ አጠራር ትተው፣ ለትልልቅ ሰዎች በሚሰጠው ሳማ እየጠሩ አንድ በአንድ አነበቡት፤ ማርዋ ትከተላቸዋለች። የኢሺዳ ቤት፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ አራት ወራጅ። የናካዴ ቤት፣ የዓሣ አጥማጁ ባልቴት፣ የመኝታ ቤት በር። የኦካ ቤት፣ መምህሩ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያና ሁለት ምሰሶ። ሐጂ ዩኑስ አንድም ሳይገባቸው ስም በተጠራ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሠላሳኛው ላይ ወይዘሮ ኪዮ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

«የሞሪታ ቤት» አለች ማርዋ። «ሁለት ምሰሶና የፊት ለፊት በር።»

ምክትል ከንቲባው እንደ ተማሪ ስማቸው ሲጠራ ብድግ አሉ። እጃቸው ከጎናቸው ተለጥፎ ቆመው፣ ሠላሳ አንደኛው የሐማኖ ቤት እስኪነበብ አልተቀመጡም። ከዚያ ለአሌክስ ጎንበስ ብለው ተናገሩ።

«አባቴ የተከለው በር ነው» ብላ ተረጎመች ማርዋ። «ጥድ ነው ብዬ መጻፍ አልነበረብኝም ብለዋል።»

አሌክስ አለቆቹን ላናግር ብሎ ወጣ። አርባ ደቂቃ ቆየ። በዚያ መሃል የዙሁር ሰዓት ደረሰና ሐጂ ቂብላው ወዴት እንደሆነ ሲራጅን ጠየቁት። የሚፈልጉት ለወይዘሮ ኪዮ ገባቸው፤ ሣጥኑን የጠቀለሉበትን ሰማያዊ ጨርቅ አራግፈው ጥጉ ላይ አነጠፉላቸው። ሐጂ ሰግደው ሲጨርሱ በክብር እንዳነጠፉላቸው በክብር አጥፈው መለሱላቸው።

አሌክስ ሲመለስ ያመጣው ትልቅ ድል አልነበረም። የአሥር ዓመቱ ውል ቀርቶ የአንድ ዓመት ሆነ። መስመሩ ተሰረዘ። በየከረጢቱ ላይ ሠላሳ አንዱ ቤት በስሙ ይጻፋል፣ የሚመጣው ዓመት ደግሞ በሚመጣው ዓመት ይታያል። ወይዘሮ ኪዮ ማኅተሙን አነሱና በሙሉ ክብደታቸው መቱት። የዚህ ክረምት እሳት አይጠፋም። ሞሪታ ሊፍቱ ጋ ለማርዋ በሩን ይዘው ቆመው፣ ጠዋት ለሐጂ ጎንበስ ባሉት ልክ ጎንበስ አሉላት።

ቫኗ ወደ ሆቴሉ ስትዞር ሐጂ በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

«ካሮልተን ግባ።»

«አባ፣ ሆቴሉ በዚህ ነው። እንግዶቹ ደክመዋል።»

«ቀምሼ ሳላስቀምስ የት ነው የምሄደው? ሰው አይደለሁም? ግባ ነው የምልህ!»

ማርዋ ለወይዘሮ ኪዮ ነገሩን ስታስረዳቸው እሳቸውም ከሐጂ ባልተናነሰ ቁርጥነት ካሮልተን እንሂድ አሉ። ሞሪታ ሰዓታቸውን አዩና እጅጌያቸውን መለሱበት።

አፓርትማው ግቢ ሲደርሱ ሐጂ ብቻቸውን ወጥተው ገቡ። ሲመለሱ ባረጀ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ሲራጅ ሳይፈታ አወቀው። ከመጨረሻው ጉዞ የቀረው ግማሽ አሞሌ ነው። አሜሪካ ሲገቡ ኤርፖርት ላይ ሦስት መኮንኖች ከበውት ያገላበጡት፣ ሐጂም ቅመሱና እዩት ብለው የዘረጉላቸው፣ አንዳቸውም ያልቀመሱት። ሲራጅ ያኔ በአባቱ አፍሮ መሬት መሬት እያየ ነበር። አሁን ያፈረው በዚያ በራሱ ነው።

ሐጂ ሻሹን ፈቱና አሞሌውን በሁለት እጃቸው ዘረጉ። ጎረቤታቸው ጫላ አስቤዛ ተሸክሞ ሲያልፍ፣ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት በፓርኪንጉ መሃል አጎንብሰው ጨው ሲልሱ አይቶ ቆሞ ቀረ።

ወይዘሮ ኪዮ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እሳት አላየም አሉ» አለች ማርዋ። «ፀሐይ ብቻ ነው።»

«እህ!» አሉ ሐጂ።

ወይዘሮ ኪዮ እንደገና ቀመሱ።

«ደግሞ እንስሳ አለበት ይላሉ። የእንስሳ ላብ። ረጅም መንገድ የሄደ።»

«ግመሉ ነው!» ሐጂ ዩኑስ ከዘራቸውን ጥለው በሁለት እጃቸው አጨበጨቡ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ፣ አልጠረጉትም። «ግመሉ ነው! አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር! ሲራጅ፣ ሰማህ? አገኘችው እኮ!»

ከአሞሌው ቆርሰው ሰጧቸው። ወይዘሮ ኪዮ ቁራሹን በነጩ ወረቀት ጠቅልለው ሣጥኑ ውስጥ፣ ጠዋት ጨዉ የነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ያን ረጅም ዝርዝር አውጥተው የቫኗ ኮፈን ላይ ዘረጉና የብሩሹን ብዕር ለማርዋ አቀበሏት።

«እኔ ጨው ቤት ውስጥ ስም የሌለው ጨው አይቀመጥም ብለዋል» አለች ማርዋ። «ሠላሳ ሁለተኛ ብዬ ልጻፍ? የማን ቤት ልበል፣ አባባ?»

ሐጂ ዩኑስ በዚህ አገር ወረቀት ሁሉ ላይ ጃንዋሪ አንድ የተወለዱ፣ የልጃቸው ጥገኛ፣ አፓርትማ ቁጥር 214 ናቸው። ቀና አሉ።

«የባቲው ዩኑስ ቤት በይ» አሉ። «አንድ ግመል።»

ማርዋ በጃፓን ፊደል ቀስ ብላ ጻፈችው። ሞሪታ ንፋስ እንዳይወስደው የወረቀቱን ጫፍ ያዙላት። የጠዋቱ ጠብታ አሁንም የሐጂን ዓይን ያደበዝዘዋል፤ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ወደ ወረቀቱ አስጠጉ።

«ባቲ የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ» አለች ማርዋ። «እነዚህ ሦስቱ።»

ሐጂ ጣታቸውን ከሥሩ አሳርፈው ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቁ።